እንደኔ ሰው ላይ ተሞክሯል?

የእህቴ ልብ ድምፅ አለው። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ቤቱ ጸጥ ሲል አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ይሰማዋል። ጭ… ጭ… ጭ… የግድግዳ ሰዓት ነው የሚመስለው። ልዩነቱ ደረጃ ስትወጣ መፍጠኑ ነው። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ እቅፏ ውስጥ ጋደም ብሎ ጆሮውን ደረቷ ላይ ለጠፈና «ሰዓት ውጠሻል እንዴ?» አላት። «አዎ፤ ግን ስንት ሰዓት እንደሆነ አይናገርም» አለችው።

ታናሼ ናት። በ19 ዓመቷ ሚትራል የሚባለው የልቧ ቫልቭ በሰው ሠራሽ ተቀየረ። ዘንድሮ 27 ሞላት። ስለ ኦፕራሲዮኑ አልጽፍም። ስለሱ ቤታችን ውስጥ ብዙ ተለቅሷል፣ ብዙ ተስሏል፣ ስለቱም ገብቷል። የምጽፈው ከዓመታት በኋላ እኔ፣ ታላቅ ወንድሟ፣ እወዳታለሁ ብዬ ልሠራው ስለነበረው ጥፋት ነው። ካለፈ ወራት ሆኖታል። ግን ሌሊት ያቺን ጭ… ጭ… በሰማሁ ቁጥር ይመጣብኛል።

ቀዩ ደብተር

እኛ ቤት «ብረቱ» ነው የምንለው። እውነቱን ለመናገር የሚከፈቱትና የሚዘጉት ሁለት ክንፎቹ ከካርቦን የተሠሩ ናቸው። በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። በቀላሉ አያረጁም፤ ለወጣት ሰው ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ ከሚሠራው ቫልቭ ይልቅ ብረቱ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የእንስሳው በወጣት ልብ ውስጥ ቶሎ ያልቃል፤ ሲያልቅ ደግሞ ደረት እንደገና ይከፈታል። የብረቱ ጣጣ ደም ነው። ደም ባዕድ ነገር ሲነካ መርጋት ይጀምራል። ስለዚህ እህቴ ማታ ማታ ዋርፋሪን ትውጣለች። ዕድሜ ልኳን።

የመድኃኒቱ መጠን ልክ መሆኑ የሚታወቀው አይ ኤን አር በሚባል የደም ምርመራ ነው። የጤነኛ ሰው ቁጥር 1 አካባቢ ነው። የሷ ከ2.5 እስከ 3.5 ባለው መሃል መቆየት አለበት። ከዚያ ከወረደ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ተነቅሎ አንጎል ድረስ ሊሄድ ይችላል። ከወጣ ደግሞ ድድ ይደማል፣ አፍንጫ ይነስራል፣ የባሰም አለ። ቁጥሩ ሲዛባ ሐኪሟ መጠኑን ይቀይሩላታል። ዛሬ አንድ ፍሬ፣ ነገ አንድ ከሩብ። ክኒኗን በምላጭ ስትቆርጥ እጇ አይንቀጠቀጥም። እኔ አንዴ ላግዝሽ ብዬ ዱቄት አድርጌባታለሁ።

ቁጥሮቹን የምትጽፍበት ቀይ ደብተር አላት። አንድ እሑድ ሥራ ፈትቼ አገላበጥኩት። ጥር 2.9። የካቲት 2.8። መጋቢት መጀመሪያ 1.7። መጋቢት መጨረሻ 1.9። ከፋሲካ በኋላ 3.8። የአምናውን ገለጥኩ፤ ያው ነው። የካቻምናውን፤ ያው ነው። ሁዳዴ ሲገባ ይወርዳል፣ ፋሲካ ሲያልፍ ይወጣል። ቀን መቁጠሪያ ባይኖር በእህቴ ደም ጾሙን ማወቅ ይቻል ነበር።

እሷ መድኃኒቱ ነው የሚበላሽብኝ ብላ ታስብ ነበር። ጥፋተኛው ጎመን ነው። ጉበት ደምን የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ለመሥራት ቫይታሚን ኬ ይፈልጋል። ዋርፋሪን የሚሠራው ያንን ቫይታሚን እያደናቀፈ ነው። ጎመን ደግሞ በቫይታሚን ኬ የታጨቀ ነው። በሁዳዴ ሰሞን ቤታችን ጠዋት ጎመን፣ ማታ ጎመን ነው። ዋርፋሪኑ ከአንድ ድስት ጋር ትግል ገጥሞ ይሸነፋል። «ጎመን በጤና» የሚለው ተረት እህቴን ሳያማክር ነው የተተረተው።

ሐኪሟ «ተዪው» አላሏትም። «ሁልጊዜ እኩል አድርገሽ ብዪ» ነው ያሏት፤ መድኃኒቱ በሚበላው ልክ ይስተካከላል። እሷ ምን አደረገች? ጎመንን ለረቡዕና ለዓርብ ወሰነችው። ጾም ኖረ አልኖረ ረቡዕና ዓርብ ጎመን ትበላለች፤ በሌላው ቀን አትነካም። በሃምሳው፣ ጾም በሌለበት፣ አገሩ ሁሉ ሥጋ ሲበላ፣ እሷ ጎመኗን ይዛ ትቀመጣለች። እማዬ አሁንም አልለመደችውም። «ኧረ ልጄ፣ ፈሰክ እኮ ነው» ትላለች በየዓመቱ።

የአጎቴ ክኒን

እኔን የሚያንገበግበኝ ጎመኑ አልነበረም። ሰልፉ ነው። ለምርመራው ከጎህ በፊት ትነሳለች። ታክሲ ትጋፋለች። ደም ትሰጣለች፣ ውጤት ትጠብቃለች፣ ከዚያ ሐኪም ትጠብቃለች። አንድ ቁጥር ለማወቅ ግማሽ ቀን። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ስትመለስ አየኋትና በቃኝ አልኩ። ልብ በሉ፣ የበቃኝ እኔን ነው። እሷ ጫማዋን አጥባ ቡና አፍልታ ነበር።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አጎት አሉን። የልባቸው ምት ይዛባል። ደም እንዳይረጋባቸው አፒክሳባን የሚባል አዲስ መድኃኒት ይወስዳሉ። ስልክ በደወልን ቁጥር ሲያሞግሱት እሰማ ነበር። «ምርመራ የለ፣ የምግብ ጣጣ የለ፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ፣ አለቀ!» ታዲያ እህቴ ለምን ትሰቃያለች? የሳቸውም ልብ፣ የሷም ልብ። የሳቸውም ደም ማቅጠኛ፣ የሷም ደም ማቅጠኛ። እኔ የደረስኩበት ሒሳብ ይሄ ነበር። ለመንኳቸው። ከራሳቸው ቆጥበው ሦስት ብልቃጥ በአክስቴ ልጅ ላኩልኝ። ከሐኪም ጋር አልተማከርኩም። ለእህቴም አልነገርኳትም። ሰርፕራይዝ ነው ብዬ!

ቅዳሜ ማታ ቡና ላይ አወጣሁላት። እንደ ሎተሪ አሸናፊ ነበር የማወራው። ከሰኞ ጀምሮ ደብተሩን ልትጥይው ትችያለሽ አልኳት። ጎመንም ባሰኘሽ ቀን።

ብልቃጡን ተቀበለችኝ። አዟዟረችው፣ ጽሑፉን አነበበች፣ ከፈተችና ክኒኑን አየች። ትንሽ ነው፤ በምላጭ አይቆረጥም። ደስ ያላት መሰለኝ። ከዚያ ክዳኑን መልሳ ገጠመችና ጠየቀችኝ።

«ይሄ እንደኔ ሰው ላይ ተሞክሯል?»

«አሜሪካ ውስጥ ስንት ሚሊዮን ሰው ነው የሚወስደው!»

«ሚሊዮን አልጠየቅኩህም። ብረት ያለበት ልብ ላይ ተሞክሯል ወይ ነው ያልኩህ።»

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። እማዬ እንኳን ረከቦቱን ትታ አየችኝ። ደግሞ እህቴ አልተቆጣችም፤ ያ ነው የገደለኝ። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን እንደ ሁልጊዜው ዋርፋሪኗን ዋጠች። ብልቃጦቹን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ደርድራ ወደ መኝታዋ ሄደች።

ያ ሌሊት

አልተኛሁም። ስልኬን ይዤ ጥያቄዋን እንደወረደ ፈለግኩት። ተሞክሯል። ትልልቆቹ ሙከራዎች ሁለት ናቸው። ሁለቴም ሙከራው ሳያልቅ ቆሟል።

የመጀመሪያው ሪአላይን ይባላል። በአውሮፓና በካናዳ ባሉ ሆስፒታሎች የተደረገ ነው፤ ውጤቱ የወጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። እንደ እህቴ ብረት ቫልቭ የገባላቸው 252 ሰዎች ተመደቡ። 168ቱ ዳቢጋትራን የሚባለውን አዲስ መድኃኒት፣ 84ቱ ዋርፋሪን። አዲሱን ከወሰዱት 9 ሰዎች ስትሮክ መታቸው። ከዋርፋሪኖቹ አንድም። መድማቱም በአዲሱ ወገን በዛ። ያነሰ ይከላከላል፣ የበለጠ ያደማል፤ ከሁለቱም ወገን ኪሳራ። አስቆሙት።

ይሁን፣ ያ ሌላ መድኃኒት ነው፤ የአጎቴ አፒክሳባን ነው አልኩ። አሁንም እየተሟገትኩ ነበር። ሁለተኛው ሙከራ ያመጣውን አነበብኩ። ፕሮአክት ቴን ኤ ይባላል፤ አፒክሳባን ራሱ ነው የተፈተነው። 863 ሰዎች። የተመረጠው ቫልቭ ኦን ኤክስ የሚባል፣ ደም ብዙም አያረጋም ተብሎ የሚታመንበት ዓይነት ነው። የገባበትም ቦታ ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር፣ አኦርታ ላይ ነው፤ እዚያ የመርጋት አደጋው ከሚትራል ያነሰ ነው። በሌላ አነጋገር ለአዲሱ መድኃኒት ሜዳውን አመቻችተውለታል። አፒክሳባን በወሰዱት ላይ 20 ጊዜ የረጋ ደም አደጋ አደረሰ፤ ዋርፋሪን በወሰዱት ላይ 6 ጊዜ። በ2022 እ.ኤ.አ. ቆመ። የእህቴ ቫልቭ ያለው የባሰው ቦታ ላይ፣ ሚትራል ላይ ነው።

ምክንያቱም ይገባል። አዲሶቹ መድኃኒቶች ከደም መርጋት ሰንሰለት አንዷን ቀለበት ብቻ ነው የሚይዙት። ብረቱ ግን መርጋትን ሌት ተቀን ይቀሰቅሳል፤ አንዷ ቀለበት ብትያዝ ግፊቱ ያልፋታል። ዋርፋሪን ሰንሰለቱን አራት ቦታ ነው የሚያላላው። የአጎቴ ልብ ውስጥ ብረት የለም። ለሳቸው ልክ ነው። ሒሳቤ የተሳሳተው እዚያ ጋ ነው።

አስቤው የማላውቀውን ያየሁት ያኔ ነው። ጥያቄዋን ባትጠይቀኝ ሰኞ ጠዋት ትጀምረው ነበር። እኔ ነኝ የሰጠኋት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህን።

በነገራችን ላይ የዋርፋሪን ታሪክ ራሱ የሚገርም ነው። ዊስኮንሲን ውስጥ ከብቶች የሻገተ ድርቆሽ እየበሉ ደማቸው አልረጋ እያለ ያልቁ ነበር። በ1933 እ.ኤ.አ. አንድ ገበሬ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ የሞተች ጊደርና በወተት ዕቃ የተሞላ የማይረጋ ደም ጭኖ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄደ። እዚያ የነበረው ካርል ፖል ሊንክ የሚባል ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር ለዓመታት ለፍቶ ነገሩን ከድርቆሹ ለየው። ከሱ ዘር የወጣው ዋርፋሪን በ1948 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው ለአይጥ መርዝነት ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲመታቸው ይኸው ተሰጣቸው። ጠዋት ለእህቴ ስነግራት ሳቀች። «እና እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ የአይጥ መርዝ ነው የምውጠው?» አለች። በተቀረው ነገር ላይ ግን አልሳቀችም።

ሰልፉ

ሰኞ አብሬያት ሄድኩ። ብልቃጦቹን በፌስታል ይዤ ሐኪሟ ፊት አስቀመጥኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። አልሰደቡኝም። «ዋጣችው?» ብቻ አሉ። አልዋጠችም ስላቸው በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ እኔ ያልጠበቅኩትን ነገር ነገሩኝ።

ብረት ባልገባላቸው፣ በሩማቲክ (ከቶንሲል በኋላ መጥቶ የልብ ቫልቭ በሚያበላሸው፣ እህቴንም በያዛት በሽታ) ቫልቫቸው ተጎድቶ የልብ ምታቸው በተዛባ ታካሚዎች ላይ አዲሱ ይሻላል ብለው እሳቸውም ያምኑ ነበር። ምርመራ ለማድረግ ከገጠር ለሚመጣ ሰው ይህ እፎይታ ነው። ብዙ ሐኪም እንደሳቸው ያስብ ነበር። ከዚያ ኢንቪክተስ የሚባለው ጥናት መጣ።

ቤቴ ገብቼ አነበብኩት። ከዚህ በፊት ያየኋቸው የቫልቭ ጥናቶች ውስጥ ያሉት ሰዎች እኛን አይመስሉም። ቫልቭን ደረት ሳይከፈት በደም ሥር የማስገባት ዘዴን ያስመሰከረው የ2010ሩ ፓርትነር ጥናት ውስጥ የታካሚዎቹ አማካይ ዕድሜ 83 ነው። የእርጅና ቫልቭ ነው። ሬሜዲ የሚባለው፣ ኢትዮጵያም ያለችበት፣ የሩማቲክ ልብ ሕሙማን መዝገብ ውስጥ ግን መካከለኛው ዕድሜ 28 ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። እህቴ ናት በአጭሩ። እሷ ያለችበት የሐኪም ቤት አግዳሚ ላይ የሚቀመጡት ናቸው። ኢንቪክተስ እነዚህን ሰዎች ፍለጋ ወጣ። አፍሪካ፣ እስያ፣ ላቲን አሜሪካ፣ 24 አገሮች። 4,531 ሰው። ከመቶው 72ቱ ሴቶች።

ግማሾቹ ሪቫሮክሳባን የሚባለውን አዲሱን፣ ግማሾቹ ዋርፋሪንን ወይም የሱን ዘመዶች ወሰዱ። አዲሱን ከወሰዱት 552 ሞቱ። አሮጌውን ከወሰዱት 442። የ110 ሰው ልዩነት። ያውም የአሮጌው ወገን አይ ኤን አር በጣም የተስተካከለ አልነበረም፤ እንደ እህቴ ደብተር ወጣ ገባ የሚል ነበር። መድማቱም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረውም።

እዚህ ጋ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። የሞት ልዩነቱ በአብዛኛው የመጣው በድንገተኛ ሞትና በልብ መድከም እንጂ በረጋ ደም አይደለም። ታዲያ ዋርፋሪን ደም ከማቅጠን ሌላ ምን አደረገ? ሐኪሞች እስካሁን ይከራከሩበታል። ከሚነሱት ሐሳቦች አንዱ ግን የኔን ጉሮሮ ያዘ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ለምርመራ በየጊዜው ይመጣል። ሲመጣ ሰው ያየዋል። ይህ ብቻ ነው ምክንያቱ ማለት አይቻልም፤ እኔም አልልም። ግን ያቺን ሲስተር አስታወሰኝ።

ካቻምና ነው። እህቴ ለአይ ኤን አር ተሰልፋ ሳለ ደም የምትቀዳው ሲስተር እጇን ትታ እግሯን አየች። «ጫማሽ ጠቦሻል ወይስ እግርሽ አብጧል?» አለቻት። እህቴ ልብ አላለችውም ነበር። ሲስተር ቁጥሩን ሳትጠብቅ ያንኑ ቀን ሐኪም ጋ አስገባቻት። ውኃ ቋጥራ ነበር፤ መድኃኒት ተጨመረላት፣ በሳምንቱ ቀለላት። እኔ የዚያን ቀን የማስታውሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቷን ተናድጄ ማውራቴን ነው። ያ ሰልፍ ነው ላስቀርላት የነበረው።

ሰልፉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ጭቃውም ጭቃ ነው። አሜሪካ የሚኖር ብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ጣቱን ቤቱ ወግቶ ቁጥሩን የሚያይበት ትንሽ ማሽን አለ። ያ ቢኖራት እወዳለሁ። ግን ሲስተርን የሚተካ ማሽን መሆኑን እጠራጠራለሁ።

አንድ ሌላ ጥናት ደግሞ ያን ሰሞን አጋጥሞኝ አበሳጨኝ። ኡጋንዳ ውስጥ ነው። ምንም ምልክት የሌላቸው፣ ግን በልብ አልትራሳውንድ የሩማቲክ ጅማሬ የታየባቸው 818 ሕጻናትና ታዳጊዎች። ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ተወጉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ካልተወጉት 33ቱ ባሰባቸው። ከተወጉት 3። እህቴ አሥር ዓመቷ እያለ ቶንሲል አሟት፣ ከሳምንታት በኋላ ጉልበቷ አበጠ። እኛ ምን አልን? ቁመት እየጨመረች ነው አልን። እማዬ ቅባት ቀባቻት። ማንም መርፌ አላሰበም። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም።

የአክስቴ ልጅ ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና ሦስት ብልቃጥ አፒክሳባን ነበር። አጎቴ ደውለው «ምነው፣ አልተስማማትም?» አሉኝ። ብረቱን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እኔ ግን ልቀጥል?» አሉ፤ ደንግጠው። ይቀጥሉ አልኳቸው፤ ለርስዎ ዓይነት ልብ ነው የተሠራው፣ ለማንኛውም ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ባለፈው ረቡዕ ማታ ጎመኗን በልታ ስትጨርስ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። የምታገባው ልጅ አለ፤ እማዬም እኔም እናውቃለን። «ልጅ ብወልድስ?» አለች። ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ማቆም ወይም መለወጥ ደግሞ ብረቱ ላይ ደም ሊያረጋ ይችላል። ለዚህ ነው ከማርገዝ በፊት ከሐኪም ጋር መመከር ያለበት። ይህን ታውቃለች። የጠየቀችኝ ሌላውን ነው፤ እሱስ እንደኔ ሰው ላይ ተጠንቷል?

በዚህኛው ጊዜ አፌን ከመክፈቴ በፊት ፈለግኩ። ብረት ቫልቭ ያላቸው 212 ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለ መዝገብ አለ። ያለ ከባድ ችግር በሕይወት ያለ ልጅ የወለዱት ከመቶ 58 ናቸው። ሳልቀባባ ነገርኳት። ቀዩን ደብተር አነሳች፣ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠችና 58 ብላ ጻፈች። ከጎኑ ደግሞ በትንንሽ ፊደል፣ «ከነሱ ስንቶቹ ሩማቲክ ናቸው?»

ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው። ከጎህ በፊት ሄጄ ሰልፉን እኔ እይዝላታለሁ።